ወርቅ ላበደረ ጠጠር፤ የ«ዜልዳ» ሁለተኛ ክፍል በታሪክ ሚዛን

አንድ ሥራ በሕዝብ ዘንድ ከተወደደ በኋላ ሠሪው ዕረፍት የሚያገኝ ይመስላል። ነገር ግን ከመጀመሪያው ሥራ ይልቅ የሚከብደው ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ሲቀርብ የሚነጻጸርበት ስለሌለ በራሱ መልክ ይመዘናል፤ ሁለተኛው ግን ገና ሳይወለድ መለኪያው ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ታላቁን ቢመስል «ምን አዲስ ነገር አመጣ?» ይባላል፤ ባይመስል ደግሞ «ዘሩን ካደ» ተብሎ ይወቀሳል። የጃፓኑ ኒንቴንዶ ኩባንያ በ1987 ያወጣው «ዜልዳ 2፥ የሊንክ ጀብዱ» የተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ይህ ዕጣ ከደረሳቸው ሥራዎች አንዱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የ«ዜልዳ» ጨዋታዎች ከ1986 አንሥቶ እስከ 2024 ድረስ እየተከታተሉ ሲወጡ ቆይተዋል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ሁለተኛው ክፍል እንደ እንጀራ ልጅ ሲታይ ኖሯል። ተጫዋቾች የተከታታዩን ሥራዎች በማዕረግ ሲደረድሩ ብዙ ጊዜ ወደ ታች ያወርዱታል፤ አስቸጋሪ፥ ጨካኝ፥ ከወንድሞቹ ጋር የማይመሳሰል ይሉታል። ይህ ፍርድ ከፊሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ሁለት ልዩ ልዩ ጉዳዮችን አንድ አድርጎ ስለሚያይ ሚዛኑን ስቷል። የአንድ ሥራ ንድፍ አንድ ነገር ነው፤ የንድፉ ልክ አወጣጥ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የማርሽ አሠላለፉ ትክክል ሆኖ ሳለ ልኩ በጥቂት ሚሊሜትር የተሳሳተ መኪና እየተንቋቋ ይሄዳል፤ ስለተንቋቋ ግን የማርሹ አሳብ ከንቱ ነው የሚል መሐንዲስ የለም። «የሊንክ ጀብዱ» የተሳሳተው በልኩ ነው፤ ንድፉ ግን ተከታዮቹ ደጋግመው የተበደሩት ሀብት ሆኗል። ይህን ለማሳየት ሥራው ከተወለደበት ዘመን መነሣት ያስፈልጋል።

ሁለት መልስ ለአንድ ጥያቄ

ኒንቴንዶ በ1889 በኪዮቶ ከተማ የመጫወቻ ካርታ ለመሥራት የተቋቋመ ድርጅት ነው። ከቤት ቴሌቪዥን ጋር የሚያያዘውን ፋሚኮም የተባለ የጨዋታ መሣሪያ ለገበያ ያቀረበው በጁላይ 1983 ነበር። የመሣሪያው ዐቅም በዛሬ ዓይን ሲታይ ያስገርማል። ባለ 8 ቢት የሆነው አስሊው ክፍል በ1.79 ሜጋኸርዝ ፍጥነት ይሠራል፤ የሥራ ማኅደረ ትውስታው 2 ኪሎባይት ብቻ ነው። በመስኮቱ ላይ የሚያወጣው ምስል በአግድም 256፥ በቁም 240 ነጥቦች አሉት። በዚህ ምስል ላይ በአንድ ጊዜ ከ64 የማይበልጡ ተንቀሳቃሽ ቁራጮችን ያሳያል፤ በአንድ አግድም መሥመር ላይ ደግሞ ከ8 በላይ ማሳየት አይችልም። የዚያ ዘመን ጨዋታ ሠሪ ማናቸውንም አሳብ ከማሰቡ በፊት እነዚህን ቁጥሮች ማክበር ነበረበት።

የመጀመሪያው «የዜልዳ አፈ ታሪክ» ለፋሚኮም ከተሠራው የዲስክ አንባቢ ጋር በአንድ ቀን፥ ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1986 ወጣ። ዲስኩ ጨዋታው የደረሰበትን መዝግቦ ማቆየት ያስችል ስለነበር፥ በአንድ ተቀምጦ የማያልቅ ረጅም ጉዞ ለማዘጋጀት ተመቸ። ሺጌሩ ሚያሞቶና ታካሺ ቴዙካ የመሩት ይህ ሥራ ተጫዋቹን ሊንክ በተባለ ወጣት አምሳል ወደ አንድ ሰፊ አገር ይለቀዋል፤ የት መሄድ እንዳለበት ግን አይነግረውም። ተጫዋቹ ዋሻውን፥ ጫካውንና መቃብር ስፍራውን ራሱ እየፈተሸ ልዕልት ዜልዳን ከጋኖን እጅ ማዳን አለበት። ጨዋታው በዓለም ዙሪያ በ6.51 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጧል።

እንዲህ ያለ ውጤት ያገኘ የንድፍ ቢሮ መንታ መንገድ ላይ ይቆማል። አንደኛው መንገድ የተወደደውን መድገም ነው፤ ሁለተኛው የተወደደውን ስም ይዞ ያልተሞከረውን መሞከር ነው። ኒንቴንዶ በጥቂት ወራት ልዩነት ሁለቱንም መንገዶች ሞክሯል። በጁን 1986 በጃፓን ያወጣው «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ 2» መልኩና ሕጉ ከመጀመሪያው ብዙም ሳይርቅ ችግሩ ብቻ እንዲከብድ ተደርጎ የተሠራ ነበር። ይህ ድጋሚ ሥራ ለአሜሪካ ገበያ አይሆንም ተብሎ ቀረ፤ ከጃፓን ውጭ የታየው በ1993 በአንድ የማሪዮ ስብስብ ውስጥ ተካትቶ ነው። በ1988 ለአሜሪካ በዚያው ስም የቀረበው በ1987 በጃፓን ሌላ ስምና ሌሎች ገጸ ባሕርያት ይዞ ወጥቶ የነበረ፥ ፈጽሞ የተለየ ጨዋታ ነበር። እንግዲህ መድገም ሁልጊዜ የሚያዋጣ መንገድ እንዳልነበረ የድርጅቱ የራሱ ታሪክ ይመሰክራል።

ለ«ዜልዳ» የተመረጠው ሁለተኛው መንገድ ነው። «የሊንክ ጀብዱ» ታላቁ ከወጣ 11 ወር ሳይሞላው፥ በጃንዋሪ 14 ቀን 1987 በጃፓን ቀረበ። ዝግጅቱን ታዳሺ ሱጊያማና ያሱሂሳ ያማሙራ መሩት፤ ሚያሞቶ በበላይ ኃላፊነት ቆሙ፤ ሙዚቃውን አኪቶ ናካትሱካ ደረሱት። ወደ ሰሜን አሜሪካ የተሻገረው ግን የማኅደረ ትውስታ ቺፕ እጥረት ስላዘገየው በዲሴምበር 1988 ነው።

ምን ተለወጠ?

በመጀመሪያው ክፍል ተጫዋቹ ሊንክን የሚያየው ከላይ ወደ ታች ነው፤ ምስሉም ወርዱና ቁመቱ 16 በ16 ነጥብ የሆነ ትንሽ ሰው ነበር። በሁለተኛው ክፍል ተጓዡ በአገሩ ካርታ ላይ ሲሄድ እንደ ቀድሞው ከላይ ይታያል፤ ጦርነት በተነሣ፥ ወደ መንደር ወይም ወደ ቤተ መንግሥት በገባ ጊዜ ግን ትዕይንቱ ወደ ጎን ይዞራል። ያን ጊዜ ሊንክ ቁመቱ 32 ነጥብ ያህል ደርሶ፥ ራስና እግር ያለው ሰው ሆኖ ይቆማል።

የቁመቱ በእጥፍ ማደግ ለዓይን ውበት ብቻ የተደረገ አልነበረም። ቆሞ የሚታይ ሰው ላይና ታች አለው፤ ላይና ታች ካለው ደግሞ ጋሻው የሚጠብቀውና የማይጠብቀው ቦታ አለው። ሊንክ ሲቆም ጋሻው ደረቱን ይሸፍናል፤ ሲያጎነብስ እግሩን ይሸፍናል፤ ጠላቱም እንደዚሁ። በቤተ መንግሥቶቹ ውስጥ የሚቆሙት «አይረን ነክል» የተባሉ ጋሻ ጃግሬዎች ጋሻቸውን ከፍና ዝቅ እያደረጉ የሊንክን ሰይፍ ይመክታሉ፤ ተጫዋቹም አንዴ ከላይ አንዴ ከታች እየዛተ ክፍት ቦታ እስኪያገኝ ድረስ መታገሥ አለበት። በአንድ መሥመር ከ8 ቁራጭ በላይ በማያሳይ መሣሪያ ላይ ትልልቅ ሰዎችን ለማቆም የተዋጊዎቹን ቁጥር መቀነስ ግድ ነው። ስለሆነም በመጀመሪያው ክፍል ከብዙ ጠላት ጋር ይደረግ የነበረው ግርግር፥ በሁለተኛው ወደ ሁለት ሰዎች የሰይፍ ግጥሚያ ተለወጠ። የመሣሪያው ጥበት ለአዲስ ዓይነት ውጊያ አመቺ ሆነ ማለት ነው።

ሌሎቹም ለውጦች ቀላል አልነበሩም። በሜይ 1986 ኤኒክስ ያወጣው «ድራጎን ክዌስት» የልምድ ነጥብን አሠራር ለጃፓን ልጆች አስተዋውቆ ነበር፤ «የሊንክ ጀብዱ»ም ይህን አሠራር ከፈጣን የእጅ ውጊያ ጋር አዳቀለው። ሊንክ ጠላት ሲጥል ነጥብ ያጠራቅማል፤ ነጥቡ ሲሞላ ተጫዋቹ ከጥቃት፥ ከምትሐትና ከሕይወት አንዱን መርጦ ያሳድጋል፤ እያንዳንዱም እስከ 8ኛ ደረጃ ይደርሳል። ምትሐቱ የራሱ መለኪያ ያለው ኃይል ሲሆን፥ 8ቱን ምትሐቶች የሚያስተምሩ ጠቢባን በየመንደሩ ተቀምጠዋል። በመጀመሪያው ክፍል በዋሻ ከሚቀመጡ ሽማግሌዎችና ነጋዴዎች በቀር ሰው ያልነበረበት አገር፥ በሁለተኛው ክፍል ስም ያላቸው መንደሮችና ወሬ የሚነግሩ ነዋሪዎች ያሉበት አገር ሆነ። በታሪኩም ረገድ፥ ቀድሞ የኃይልና የጥበብ ተብለው ሁለት ብቻ በነበሩት የትራይፎርስ ቅዱሳን ቅርሶች ላይ ሦስተኛው፥ የድፍረት የሆነው፥ በዚህ ሥራ ተጨመረ።

የነቀፋው ምንጭ

በሥራው ላይ የሚሰነዘረው ነቀፋ መሠረት የለውም ማለት ግን እውነትን መሸሽ ይሆናል። ሊንክ በእጁ ያለው ሰይፍ አጭር ስለሆነ ለመምታት ወደ ጠላቱ አፍንጫ መቅረብ አለበት። ለጉዞው የተሰጠው ሦስት ነፍስ ብቻ ነው፤ ሦስቱ ካለቁ፥ ከመጨረሻው ታላቅ ቤተ መንግሥት በቀር የትም ይሁን የት፥ ልዕልቲቱ ተኝታ ወደምትገኝበት ወደ ሰሜኑ ቤተ መንግሥት ተመልሶ መንገዱን እንደገና መጀመር ይኖርበታል። ገና ብዙ ሳይጠነክር የሚያልፍበት የሞት ተራራ እርስ በርሱ በተጠላለፈ ዋሻ የተሞላ ነው። በጫካ ውስጥ የተሰወረው አዲሱ የካሱቶ መንደር የሚገኘው ዛፉን በመዶሻ እየመነጠሩ ሲሆን፥ ወደዚያ የሚመራው ፍንጭ አጭርና ድንግዝግዝ ያለ ነው።

አንድ አነስተኛ ነገር ደግሞ ለመሳለቂያ ምክንያት ሆኗል። በሩቶ መንደር የሚኖር አንድ ሰው ራሱን ሲያስተዋውቅ ስሙ «ኤረር» ማለትም «ስሕተት» እንደሆነ ይናገራል። ብዙ የውጭ አገር ተጫዋቾች ይህን የጽሑፍ ግድፈት አድርገው ወስደውታል። በሌላ ቦታ የሚገኘው ጓደኛው ግን ባጉ ይባላል፤ ይኸውም በኮምፒዩተር ፕሮግራም ውስጥ የሚገኝ ብልሽት የሚጠራበት ስም ነው። ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን ሲታዩ የፕሮግራም ሠሪዎች ቀልድ እንደነበሩ ግልጽ ይሆናል፤ የሁለተኛው ስም ግን በእንግሊዝኛው ቅጂ በድምፁ ብቻ ስለተጻፈ ቀልዱ ጠፋ። ሆን ተብሎ የተደረገው ነገር እንደ ስሕተት የተቆጠረበት ይህ አጋጣሚ የሥራውን ጠቅላላ ዕጣ በትንሹ ያሳያል።

ከነቀፋዎቹ ሁሉ ክብደት ያለው ከሠሪው ወገን የመጣው ነው። ሚያሞቶ በ2013 ስለ ሥራዎቻቸው ሲጠየቁ፥ ከዚህ የበለጠ ሊደረግበት ይቻል ነበር ሲሉ የጠቀሱት ጨዋታ «የሊንክ ጀብዱ»ን ነው። ምክንያታቸውም ሌሎች ሥራዎች በሚዘጋጁበት ጊዜ ከመጀመሪያው ዕቅድ አልፈው ሲያድጉ፥ ይኼኛው ግን በወረቀት ከታቀደው ሳያልፍ መቅረቱ ነው። ነቃፊዎች ይህን ቃል እንደ መጨረሻ ፍርድ ይጠቅሱታል። ይሁን እንጂ ቃሉን በጥሞና ለመረመረው ሰው ነቀፋው ያረፈው በዕቅዱ ላይ ሳይሆን ዕቅዱ ተፈትኖ ባለመታረሙ ላይ ነው። ታላቁ በወጣ 11 ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ገበያ የደረሰ ሥራ ይህ ቢጎድለው የሚያስደንቅ አይሆንም።

ለዚህ አሳብ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው የሥራው ሁለት ቅጂዎች ልዩነት ነው። በጃፓን በወጣው ዲስክ ላይ ተጫዋቹ ነፍሶቹን ሲጨርስ ሦስቱም ደረጃዎቹ ከሁሉ ዝቅ ወዳለው ይወርዱ ነበር። ለምሳሌ ጥቃቱን ወደ 6፥ ምትሐቱን ወደ 5 አድርሶ ሕይወቱን በ2 የተወ ሰው፥ ሁሉም 2 ሆነው ይጠብቁታል። በካርትሪጅ ተዘጋጅቶ ወደ ውጭ አገር በተላከው ቅጂ ግን ይህ ቅጣት ተነሣ፤ ተጫዋቹ የሚያጣው ገና ወደ ደረጃ ያልተለወጠውን ነጥብ ብቻ ሆነ። የተለወጠው አንድ ሕግ ነው፤ ንድፉ እንዳለ ነው፤ የጨዋታው ክብደት ግን በግልጽ ቀለለ። ልኩ ሲታረም ሥራው የሚሻሻል ከሆነ ጉድለቱ የልክ ነበር ማለት ነው። ሌሎቹም ነጥቦች፥ የሰይፉ ርዝመት፥ የነፍሱ ቁጥርና የመመለሻው ቦታ፥ በዚህ ዓይነት ሊታረሙ የሚችሉ ቁጥሮች ነበሩ።

ደግሞም ነቀፋው ከወጣበት ዕለት ጀምሮ የነበረ አድርጎ ማሰብ ስሕተት ነው። ጨዋታው በዓለም ዙሪያ በ4.38 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጧል፤ ከመጀመሪያው ያነሰ ቢሆንም ወድቋል የሚያሰኝ ቁጥር አይደለም። ብቸኝነቱ እየጎላ የመጣው ተከታዮቹ ከወጡ በኋላ ነው። በ1991 የወጣው ሦስተኛው ክፍል ወደ ቀድሞው ከላይ የሚታይ ትዕይንት ሲመለስ፥ ሁለተኛው በመካከል ከመንገድ የወጣ መስሎ ታየ። ሦስተኛው ክፍል እንደ ሁለተኛው ቢሠራ ኖሮ፥ ከመሥመር የወጣ የሚባለው የመጀመሪያው በሆነ ነበር።

ከነቀፋው በኋላ የቀረው

ሦስተኛው ክፍል ተመለሰ ቢባልም ባዶ እጁን አልተመለሰም። የምትሐት መለኪያው ከሁለተኛው ክፍል የተወሰደ ነው፤ ሰው የሚኖርበት መንደርም በዚያ ውስጥ ዋና ስፍራ አገኘ። በ1993 ለእጅ መሣሪያ የተዘጋጀው አራተኛው ክፍል በጎን የሚታዩ አጫጭር ትዕይንቶችን በየዋሻው ውስጥ አስገባ።

ትልቁ ብድር የተወሰደው ግን በ1998 በወጣው «የጊዜ ኦካሪና» በተባለው ክፍል ነው። ይህ ሥራ ተከታታዩን ወደ ሦስት አውታር ምስል ያሸጋገረና ከቪዲዮ ጨዋታዎች ሁሉ ከፍተኛ ክብር ካገኙት የሚቆጠር ነው። በውስጡ ከሚገኙት ጠቢባን ራውሩ፥ ሳሪያ፥ ዳሩኒያ፥ ሩቶና ናቡሩ የሚባሉት፥ እንዲሁም ሚዶ የተባለው የጫካ ልጅ፥ ስማቸው ሁሉ በ1987 የ«የሊንክ ጀብዱ» መንደሮች መጠሪያ የነበረ ነው። ሊንክ በውኃው ቤተ መቅደስ የሚገጥመው የገዛ ጥላው በሁለተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ቆሞ ይጠብቀው የነበረው ጠላት ነው። ጋሻ ጃግሬው አይረን ነክልም ከነስሙ ተመልሷል። የታሪኩ ምሰሶ የሆነው የኃይል፥ የጥበብና የድፍረት ሦስትነት በሁለተኛው ክፍል የተሟላ ነው። ከዚህም በላይ፥ ከአንድ ጠላት ጋር ፊት ለፊት ቆሞ፥ ጋሻ አንሥቶ፥ እስኪከፈት ጠብቆ የመምታት ጥበብ፥ የ1998ቱ ሥራ የሚመሰገንበት ውጊያ፥ መጀመሪያ የተሞከረው ቁመቱ 32 ነጥብ በሆነው ሰው ላይ ነበር።

ሌሎችም ሥራዎች ከዚሁ ምንጭ ቀድተዋል። ሊንክ ዘሎ ሰይፉን ወደ ታች አዙሮ የሚወጋበት አመታት በ1999 በወጣው «ሱፐር ስማሽ ብራዘርስ» ውስጥ የሊንክ መለያ ከሆኑት አንዱ ነው። የቤተ መንግሥቱ ዜማ በ2001 በዚሁ ጨዋታ ተከታይ ክፍል ውስጥ በአዲስ ቅንብር ተሰምቷል። በ2014 በአሜሪካ የተሠራው «ሾቭል ናይት» ዋና የውጊያ ዘዴው በአካፋ ወደ ታች መውጋት ሲሆን፥ ሠሪዎቹ አሳቡን ካገኙባቸው ሥራዎች አንዱ ይህ የተነቀፈ ጨዋታ መሆኑን ተናግረዋል። ዝግጅቱን ከመሩት አንዱ ሱጊያማም በሥራቸው ቀጥለው በ1992 «ሱፐር ማሪዮ ካርት»ን ከሂዴኪ ኮኖ ጋር መርተዋል። የሞከሩትን ሰዎች ሙከራው ፍጹም ባለመሆኑ ምክንያት ያላገለለ ድርጅት ከሙከራው ትርፉን መሰብሰቡ የሚጠበቅ ነው።

ፍርዱ እንዴት ይታይ?

ሁለት ተቃራኒ አሳቦች አብረው እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። «የሊንክ ጀብዱ» ለዛሬ ተጫዋች አስቸጋሪ ሥራ ነው፤ ከልኩ አልፎ የሚቀጣበት ቦታ ብዙ ነው። ይኸው ሥራ ደግሞ ተከታታዩ ምን መሆን እንደሚችል በግልጽ አደባባይ የፈተነ፥ የፈተናውንም ዋጋ ራሱ የከፈለ ነው። ተከታዮቹ መንደሩን፥ ምትሐቱን፥ የሰይፍ ግጥሚያውንና የሦስቱን ቅርሶች ታሪክ ሲወስዱ፥ ሻካራ የነበረው ልክ ከእነርሱ ጋር አልሄደም፤ ከተበዳዩ ጋር ቀረ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ይህ ከጨዋታ ዓለም ውጭም የሚሠራ ትምህርት ነው። በማናቸውም የሙያ መስክ አንድ የተሳካ ንድፍ ከተገኘ በኋላ እርሱኑ እያባዙ መኖር ይቀላል፤ ከአሠሪም ከተጠቃሚም ምስጋና ያስገኛል። ያልተሞከረውን የሚሞክር ግን አብዛኛውን ጊዜ ሻካራውን ሥራ ራሱ ሠርቶ ለስላሳውን ለሌላ ያስረክባል። ሳይደፈርስ አይጠራም፤ የጠራውን ውኃ የሚጠጣ ሰው ግን የደፈረሰበትን ሰዓት አያስታውስም። ስለዚህ አንድ ሥራ ለፍርድ ሲቀርብ ዳኛው ሦስት ጥያቄዎችን ለየብቻ ሊያቀርብ ይገባል፤ አሳቡ ምን ነበር? ልኩ ምን ያህል ተስተካክሏል? ከእርሱ በኋላ የመጡት ምን ወሰዱ? ለሁለተኛው ጥያቄ «የሊንክ ጀብዱ» ዝቅተኛ ነጥብ ማግኘቱ ተገቢ ነው። ለአንደኛውና ለሦስተኛው ግን እስከ ዛሬ ያልተሰጠው ነጥብ አለ፤ ታሪክ ጸሐፊም መሐንዲስም ይህን ዕዳ መዝግቦ ማለፍ ይገባዋል።